ከዘር የበቀለው ኤኪናሲያ ለምን አላበበም? የሐዋሳ ጓሮ ወዳጆች ክር

ጥያቄዬን የለጠፍኩት ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። የጓሮ አትክልት ወዳጆች የምንወያይበት መድረክ አለን። አብዛኞቻችን ሐዋሳ ነን። ከአዳማ፣ ከሻሸመኔና ከይርጋለም የሚጽፉም አሉ። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደረው ውይይት፣ እስከ 34ኛ መልስ ሄደ፤ ሦስት ወር ከምናምን ፈጀ። በመሃል ስለ ጉማሬ ተወራ፣ ስለ ሻይ ተወራ፣ ሰውም ተቀያየመ። ያንኑ ጥያቄ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልተርከው።

መነሻው እንዲህ ነበር። ሚኔሶታ የምትኖረው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ አንድ ፓኬት የኤኪናሲያ ዘር ይዛልኝ መጣች። አበባውን ከዚያ በፊት ያየሁት በስልኳ ላይ ነው። ዙሪያው ሮዝ ነው። መሃሉ እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ይሾላል። ጉብታው ብርቱካናማ ነው፤ ሲነኩት ይዋጋል። በእሷ ደጅ ክረምት ሙሉ በረዶ ይተኛበትና በጋ ሲመጣ እንደገና ይነሣል። እኔም ጓሮዬ ውስጥ ላየው ጓጓሁ።

ሦስት ጊዜ ዘራሁ። ሰኔ ላይ የዘራሁት በዝናብ በሰበሰ። መስከረም ላይ የዘራሁት ጭራሽ ብቅ አላለም። ኅዳር ላይ የዘራሁት በቀለ። ጥያቄውን ስጽፍ 14 ወሩ ነበር። ዘጠኝ ተክል አለኝ። ቅጠላቸው ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሻካራ ነው። አንድም ቀን ታመው አያውቁም። ግን መሬት ላይ ተንሰራፍተው ቀሩ። ግንድ የለ፣ እምቡጥ የለ። ፓኬቱ በሁለተኛው ዓመት ያብባል ይላል። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛው መልስ ደግ ነበር። ከታቦር አካባቢ የሚጽፍ ወጣት፣ አበባው የአደይና የኑግ ዘመድ እንደሆነ ነግሮኝ ታገሺ አለ። ልክ ነው፤ ከሱፍም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። 2ኛው ፎቶ ጠየቀኝ፣ ለጠፍኩ።

3ኛዋ ፎቶውን አይታ ዚኒያ ነው፣ ተሸውደሻል አለች። 4ኛው ቶሎ አረማት። ዚኒያ በሁለት ወር አብቦ ዘሩን ሰጥቶ የሚሞት ነው፤ 14 ወር ቅጠል ይዞ አይቀመጥም። ኤኪናሲያ ግን ከሥሩ እየታደሰ ለዓመታት የሚኖር ተክል ነው። ስሙም ጃርት ከሚል የግሪክ ቃል እንደመጣ ጻፈ፤ ለዚያ ለሚዋጋው ልቡ የተሰጠ ስም ነው። በአማርኛ የጃርት አበባ ብንለውስ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ ግማሹ ሰው በዚህ ስም ነው የጠራው።

5ኛው መልስ ረጅም ነው፣ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። የጻፉት አላሙራ በኩል የሚኖሩ፣ ግብርና ሲያስተምሩ ቆይተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ አበባው ገና ምንም አላሉም። መጀመሪያ የመስከረሙ ዘሬ ለምን እንዳልበቀለ አስረዱኝ። ይህ ተክል አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ዘሩ የሚረግፈው ብርድ ሊገባ ሲል ነው። ያኔውኑ ቢበቅል ቡቃያውን ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ ዘሩ ውስጥ ቁልፍ አለ። እርጥብ ሆኖ ሳምንታት በብርድ ካልቆየ ብዙው አይነቃም።

እኛ አገር ያን ብርድ የምናገኘው ከፍሪጅ ነው አሉ። ዘሩን በረጠበ አሸዋ ወይም በረጠበ ሶፍት መጠቅለል፣ ፌስታል ውስጥ ማድረግ፣ 4 ዲግሪ ገደማ ባለው የፍሪጁ ክፍል 30 ቀን ማቆየት። ሶፍቱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይንጠብጠብ። በየሳምንቱ ከፍቶ ማየትና የሻገተውን ማውጣት ነው። ከዚያ በደንብ ውኃ በሚያሳልፍ አፈር ላይ መዝራት። ብርሃን ስለሚረዳው የሚለብሰው አፈር ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከ10 እስከ 20 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። የሐዋሳ ቤት ውስጥ ሙቀት ለዚህ ይስማማል።

ትዝ አለኝ። የኅዳሩን ዘር ከመዝራቴ በፊት ፓኬቱ ፍሪጅ በር ላይ ተረስቶ ነበር። ደረቅ ስለነበር ያ ምንም እንዳልጠቀመው 6ኛው መልስ ላይ ተነገረኝ። ብርድ ያለ እርጥበት ዋጋ የለውም። የበቀሉልኝ ቁልፋቸው የላላ ዘሮች ሆነው ነው። ያችው 6ኛዋ ጸሐፊ የራሷንም አወጣች። እርጥብ ዘር ፍሪዘር ውስጥ ከታ ሙሉውን አበላሽታለች። በረዶ የሠራ እርጥብ ዘር ሊበላሽ ይችላል።

7ኛው ስለ መብራት መጥፋት ጠየቀ። ሁለት ቀን ቢጠፋስ? መልስ ሳያገኝ 8ኛው ገባ፤ ክሩም እዚህ ላይ ነው መሞቅ የጀመረው። ይህን ሁሉ ፍሪጅና ሶፍት ሰው ለማወሳሰብ ያመጣው ነው አለ። እሱ ዘሩን እንደ ጎመን በትኖ ከ20 ዘር 13 በቅሎለታል። አጻጻፉ ሻከር ያለ ነበር። ጋሼ 9ኛ መልሳቸውን ሲሰጡ ግን አልተቆጡም። ሁለታችንም ልክ ነን አሉ። ሮዙ፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ዓይነት ቁልፉ ቀላል ነው፤ ያለ ብርድም ከግማሽ በላይ ሊበቅል ይችላል። ብርዱ የሚሰጠው ጥቅም ሁሉም አንድ ላይ እንዲነሣ ነው። ጠባብ ቅጠል ያላቸውና አበባቸው ገረጣ ያሉት ዘመዶቹ ግን ሁለትና ሦስት ወር ብርድ ይፈልጋሉ፤ እነሱን የበተነ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። 7ኛውንም አልረሱትም። ፍሪጁ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ምንም አይለውጥም።

10ኛዋ ስለ ሰኔው ዘሬ ጻፈች። ቡቃያው አንገቱ ላይ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ዘመም ካለ ፈንገስ ነው፤ ውኃ ሲበዛና አየር ሲያንስ ይመጣል። በአጋጣሚ የሰኔው ልክ እንደዚያ ነበር የሆነብኝ። ከላይ ከማጠጣት ይልቅ ዕቃውን ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጦ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል አለች። እሷ የምትዘራው በተቆረጠ ሀይላንድ ነው፤ ሥሩ በምስማር ተበስቶ፣ ከታች ቀይ አሽ ተደርጎበት። ቡቃያው አራት ቅጠል ሲያወጣ ታዛውራለች። ቀንድ አውጣ ለጋውን ስለሚወድ ዙሪያውን አመድ ትነሰንሳለች። ዶሮ ካለ ደግሞ አመድ አይበቃም፤ አጥር ነው።

ዶሮ ሲነሣ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። 11ኛው ሐይቁ ዳር ያለ ማሳ ባለቤት ነው፤ የሱ ችግር ዶሮ ሳይሆን ማታ ከሐይቁ ወጥቶ የሚግጥ ጉማሬ እንደሆነ ጻፈ። 12ኛው አሞራ ገደል አካባቢ ዝንጀሮና ጉሬዛ እምቡጥ እየቀጠፉ እንዳስቸገሩት ጨመረ። 13ኛዋ ወደ ጉዳያችን እንመለስ አለች።

14ኛው መልስ ነው ያመመኝ። በሻንጣ ዘር ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዘር ወደ አገር የሚገባው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ነው። ጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ አነሣ። የገበሬውን ማሳ የወረረውን ፓርቴኒየም አነሣ፤ ቅንጬ አረም የሚባለውን። ፓርቴኒየምም የዚሁ የአደይ ቤተሰብ መሆኑን አስታወሰን። 15ኛው ተነሥቶበት አንድ አበባ ላይ ይህን ያህል ምን ያስጮሃል አለ፤ ሌላም የማልደግመው ቃል ጨመረ። 16ኛዋ ሁለቱንም አረጋጋች።

እኔ ግን 14ኛው ልክ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ 17ኛ መልስ የራሴ ነው። ሳላውቅ አደረግሁት፣ አለማወቄ ግን ጥፋቱን አያነሳውም። እህቴም ከእንግዲህ አታመጣም። ያሉኝን ዘጠኙን ከግቢዬ አላስወጣም፣ የታመመ ምልክት ካየሁ ነቅዬ አቃጥላለሁ አልኩ። ለምሳሌ አበባው አረንጓዴ ሆኖ የተጣመመ ቅጠል መሰል ነገር ካወጣ፣ ፌንጣ መሰል ትናንሽ ነፍሳት የሚያስተላልፉት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። 14ኛው ምልክቱን ዘርዝሮ ስለጻፈልኝ አመሰገንኩት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ለዘብ አለ።

ክሩን የቀየረው 18ኛው ነው። አዳማ የሚኖር ልጅ ነው። እሱም ስድስት የጃርት አበባ አለው፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው። አምስቱ እንደኔዎቹ ቅጠል ብቻ ናቸው። አንዷ ግን አብባለች። ምክንያቱን ፍግ ነው አለ፤ ለእሷ ዘንቢል ሙሉ የበሰበሰ የከብት ፍግ ሰጥቷታል። በነገራችን ላይ ከዚያች አበባ የሰበሰበው ዘር ሁሉ ገለባ ሆኖበት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶታል። ፎቶ ለጠፈ። አበባዋ የቆመችው የውጭ በር አጠገብ ነው።

19ኛዋ በፎቶው ላይ ከአበባው በላይ ያለውን አየች። አምፖል! ይህች ልጅ አበባ እርሻ ውስጥ ሠርታለች። አንዳንድ የአበባ ዓይነቶች እዚህ አገር እንዲያብቡ ሌሊት መብራት እንደሚበራላቸው በዓይኗ አይታለች። አምፖሉ እስከ ስንት ሰዓት ይበራል ብላ ጠየቀችው። ቤተሰቡ እስኪተኛ፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይበራል አለ። አበባዋን ያመጣት ፍጉ ሳይሆን መብራቱ ነው አለች።

20ኛው አልተዋጠለትም። ተክል ፀሐይን ከአምፖል አይለይም እንዴ፣ ደካማ የበር መብራት ምን ያበስላል፣ ይህ ለመብራት ቆጣሪ መክፈል ነው ብሎ በስላቅ ጻፈ። ልጅቷን ዝቅ አድርጎ ስለተናገራት ከፋኝ። ሁለት ሰዎች በ21ኛና በ22ኛ ተቀበሉት፣ እነሱም አልተሻሉም።

ያበረዱት የአቶቴዋ እናት ናቸው፤ 23ኛ መልስ። እሳቸው ስለ ኤኪናሲያ ምንም አያውቁም። ግን አጥራቸው ላይ ያ ለገና ጫፉ ቀይ የሚሆነው ቁጥቋጦ አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት በራቸው ላይ የመንገድ መብራት ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በመብራቱ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ለገና ሲቀላ አይተውት አያውቁም፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በጨለማው በኩል ያለው እንደ ድሮው በወቅቱ ይቀላል። ያው አንድ ግንድ ነው። ተክል ጨለማ ያውቃል፣ የመሸበትን ያህል ይቆጥራል አሉ። እንዴት ያለ ዓይን ነው! ስንቶቻችን በዚያ መንገድ አልፈን አላየነውም።

ጋሼ በ24ኛ መልስ ቁጥሩን አመጡ። የገናው ቁጥቋጦ ሌሊት ሲረዝም የሚያብብ ነው፤ ማሽላና ኑግም እንደዚያው ናቸው፣ ቀን ማጠር ሲጀምር ነው ወደ አበባ የሚሄዱት። የጃርት አበባ ተቃራኒው ነው፤ ረጅም ቀን ይፈልጋል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ረጅሙ ቀናችን ሰኔ 14 አካባቢ ነው፤ እሱም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አጭሩ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው፤ ከ12 ሰዓት ጥቂት ቢያንስ ነው። እህቴ ባለችበት ሚኔሶታ ግን ረጅሙ ቀን 15 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ተክሉ 14 ሰዓት ገደማ ቀን ይጠብቃል። እኛ ጋ ያ ቀን በዓመቱ ውስጥ የለም። ዘጠኙ ተክሎቼ 14 ወር ሙሉ ያልመጣ በጋ ሲጠብቁ ነበር።

ይህን ሳነብ ምን ያህል እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ውኃዬም አፈሬም ደህና ነበሩ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ለሌላ ሰማይ ነው የተጻፈው።

መፍትሔውንም ነገሩኝ። ለ20ኛው ጥያቄም መልስ ነበረው፤ መብራቱ ተክሉን ለመመገብ አይደለም፣ ሌሊቱን ለመስበር ነው። ስለዚህ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ ከሥሩ ተቀምጦ ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ይበቃል። ቢጫ ብርሃን ያለው አምፖል ይሻላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማብራት። ሌሊቱን ሙሉ ግን አይሁን፤ ይህ ተክል ጨርሶ ጨለማ ካጣም ማበቡ ይቀንሳል። 25ኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ገመዱ ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ የውጭ ገመድና ክዳን ያለው ሶኬት አድርጊ ብሎ አስጠነቀቀኝ። በጣም ጠቃሚ ምክር ነው፣ እንደነገረኝ አደረግሁ።

በ26ኛ መልስ ሙከራዬን አሳወቅሁ። አራቱን ተክል ከመብራት ሥር፣ አምስቱን ከቤቱ ጀርባ በጨለማ። ውኃው፣ ኮምፖስቱ፣ ሁሉም እኩል። የጀመርኩት ጥር 15 ነው።

ስንጠብቅ ስለ ሻይ ተወራ። 27ኛዋ ውጭ አገር ኤኪናሲያ ለጉንፋን እንደሚጠጣ ሰምታለች፤ ቅጠሉን ላፍላው ወይ አለች። 28ኛው ዳማከሴ እያለ ምን ያስቸግርሻል አላት። 29ኛዋ ነርስ ነች። ለጉንፋን መጥቀሙ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተደበላለቀ ነው አለች። የገዛ ሰውነቱን የሚያጠቃ በሽታ ያለበት ሰው፣ ወይም ለአደይና ለሱፍ ቤተሰብ አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ አለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የተከልኩት ለዓይኔና ለንብ ነው።

30ኛ መልስ መጋቢት 12 የጻፍኩት ነው። መብራቱ በመሃል ዘጠኝ ሌሊት ጠፍቶብኛል፤ እየመዘገብኩ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመብራቱ ሥር ያሉት አራቱም ከመሃላቸው ግንድ ማውጣት ጀመሩ። ከቤት ጀርባ ያሉት አምስቱ አንድም። ሚያዝያ 6 የመጀመሪያዋ ተከፈተች። ጠዋት ቡና ሳላፈላ ወጥቼ አየኋት። ሮዟ ገና ገርጥታ ነበር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደመቀች። ዘሩ ማግነስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የአበባው ቅጠሎች እንደሌሎቹ ወደ ታች አይወድቁም፣ ጠፍጠፍ ብለው ይዘረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የዓመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠው ይኸው ዓይነት ነው።

31ኛው መልስ የ20ኛው ሰው ነው። ፎቶውን ካየ በኋላ ያችን የአበባ እርሻ ሠራተኛ በግልጽ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ተቀበለችው። ቀጥሎም አምፖሉ ከተክሉ ስንት ሜትር ይራቅ ብሎ ጠየቀኝ። የእኔ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው የተሰቀለው።

32ኛው ከአዳማው ልጅ ነበር። አምፖሉ ገብቶኛል፣ ዘሬ ለምን ገለባ ሆነ ግን አልገባኝም አለ። ጋሼ በ33ኛው መለሱለት። የጃርት አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ አያፈራም። ሁለት የተለያዩ ተክሎች በአንድ ጊዜ ማበብ አለባቸው፣ ንብም መሃላቸው መመላለስ አለባት። የሱ አንዷ ብቻዋን ነበር ያበበችው።

34ኛው ከዚሁ ከአዳማው ልጅ እዚያው ማታ መጣ። ሁለተኛ አምፖል ገዝቶ ላላበቡት አምስቱ ሰቅሏል። የኔዎቹ አራት አሁን አብረው አብበዋል፤ ንብ ከአንዷ ወደ አንዷ ስትል እያየሁ ነው። ልቡ ደርቆ ቡናማ እስኪሆን አልቆርጠውም። ዘሩ እውነተኛ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ኅዳር እርጥብ ሶፍት ውስጥ ገብቶ 30 ቀን ፍሪጅ ይተኛል።